ከሴኡል ወጣ ሲሉ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ኮሪያ ናቸው። የሴኡልን ቤተ መንግሥትና ገበያ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም የጠየቁት ከዋና ከተማዋ ወጣ ብለው ስላሉት ቅርሶችና ተራሮች ነው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሰዓቱንም በኮሪያ ጣቢያና በር ላይ ተጽፎ እንደሚያገኙት አስቀምጠነዋል፤ 9:00 ማለት የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 17:00 ማለት የእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ስሌቱ ከተምታታ የመጨረሻው አውቶቡስ ያመልጣል፤ በገጠር ከተማ ደግሞ የመጨረሻው ካመለጠ የሚቀጥለው ነገ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ነበር። በቅርቡ ለሥልጠና ሴኡል እሄዳለሁ፤ ነጻ የምሆነው ግን አንድ እሁድ ብቻ ነው። ቹንቾን ያለውን መታሰቢያ አይቼ በዚያው ቀን መመለስ እችላለሁ? እዚያው የወደቁት ጓዶቻቸው መቃብርስ የት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ደርሶ መልስ ይበቃዎታል። እሁድ መሆኑም ጥሩ ነው፤ የመታሰቢያው አዳራሽ የሚዘጋው ሰኞ ነው። መግቢያው ነጻ ነው።

ወደ ቹንቾን የሚሄዱት ባቡሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከዮንግሳን ጣቢያ ተነሥቶ በቾንግኛንግኒ በኩል የሚያልፈው አይቲኤክስ ቾንግቹን ነው፤ ጉዞው አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ወንበሩ በቁጥር የሚሸጥ ስለሆነ ለእሁድ ጠዋት ትኬቱን ቀደም ብለው ይቁረጡ። በመከር ወራት ቅዳሜና እሁድ ሴኡል በሙሉ ወደዚያ የሚጎርፍ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ከሳንግቦንግ የሚነሣው ተራ የከተማ ባቡር ነው። በየጣቢያው ይቆማል፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ግድም ይፈጃል፤ ርካሽ ነው፤ ቦታ ማስያዝም አያስፈልገውም። በየትኛውም ቢሄዱ ከመጨረሻው ጣቢያ አንድ ቀድመው ናምቹንቾን ላይ ይውረዱና ለታክሲ ሾፌሩ «ጎንግጂቾን» ይበሉት። በእግርም ቢሆን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይርቅም።

ጎንግጂቾን ወደ ኡይአም ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው። ሊያዩት የሚፈልጉት ሁሉ ዳርቻው ላይ፣ በጥቂት ደቂቃ እግር መንገድ ውስጥ ተሰብስቧል። የዘማቾቹ ሐውልት በግንቦት 1960 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ማለትም በሜይ 1968፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ተመርቋል። አዳራሹ የተከፈተው ዘግይቶ በ2007 ነው፤ ጣሪያውን ከሩቅ ሲያዩት የጎጆ ቤት ቅርጽ መሆኑን ማንም ሳይነግርዎ ያውቁታል። ምድር ቤቱ የጦርነቱ ነው፤ የደንብ ልብስ፣ መሣሪያና ፎቶግራፍ ይታይበታል። ፎቁ የኢትዮጵያን ባህል ለኮሪያውያን የሚያሳይ ነው፤ ለእርስዎ አዲስ ነገር የለውም፤ የኮሪያ ሕፃናት ጀበና ከብበው ሲያፈጡ ማየት ግን ደስ ይላል። ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅብዎትም።

ፎቶዎቹን በወጉ ለማንበብ አያትዎ በየትኛው ዙር እንደዘመቱ አስቀድመው ከቤተሰብ ይጠይቁ። የመጀመሪያው ቃኘው ፑሳን የደረሰው በሜይ 1951 ነው። ተከታዮቹ ዙሮች የተዋጉት ጦርነቱ በኮረብታ ላይ ምሽግ ለምሽግ ከሆነ በኋላ ነው፤ ከተኩስ አቁሙ በኋላ የሄዱም አሉ። ቦታውም ውጊያውም እንደየዙሩ ይለያያል። በኮሪያ መዝገብ የኢትዮጵያ ዘማቾች 6,037 ናቸው። ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ 536 ቆስለዋል፤ የተማረከ የለም።

መቃብር ፍለጋ ወደ ፑሳን አይውረዱ። እዚያ ያለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ብዙ አገሮችን ይዟል፤ የኢትዮጵያውያኑ አፅም ግን ወደ አገር ተመልሷል፤ ያረፉት አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ፑሳን ለሌላ ጉዳይ ከደረሱ በመካነ መቃብሩ ያለውን የመታሰቢያ ግድግዳ ይዩ፤ የወደቁት ስም በየአገሩ ተቀርጾበታል።

ከአዳራሹ ማዶ በ1968 የተከፈተ ቡና ቤት አለ። ስሙ ላይ ያለው «ቤት» የእኛው ቃል ነው። የሚፈላው በእኛ ወግ አይደለም፤ የውሃው እይታ ግን ዋጋውን ያካክሳል።

ከሰዓት በኋላ የሚያመችዎ የሶያንግ ግድብ ነው። በ1973 ተሠርቶ ያለቀ፣ በድንጋይና በአፈር ሙሌት የቆመ፣ 123 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ነው። ከላዩ በጀልባ ሩብ ሰዓት ያህል ተጉዘው ይወርዱና ወንዙን ይዘው ግማሽ ሰዓት ከሚበልጥ የእግር መንገድ በኋላ ቾንግፕዮንግሳ ገዳም ይደርሳሉ። በመንገዱ ፏፏቴ አለ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር ነው፤ ሲሄድ የመጨረሻውን የመመለሻ ጀልባ ሰዓት አይጠይቅም። ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል፤ በክረምታቸው፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ ደግሞ በጣም ቀደም ይላል። ትኬት ሲቆርጡ ሰሌዳውን በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። 14:00 ካለፈ ጀልባውን ይተዉት።

ለምሳ ቹንቾን የታወቀችው በታክካልቢ ነው፤ ዶሮ በቀይ በርበሬ ድልህ፣ በጥቅል ጎመንና በስኳር ድንች ሰፊ ብረት ምጣድ ላይ ይጠበሳል። ለብቻዎ ከሆኑ ብዙ ቤቶች ከሁለት ሰው በታች አይቀበሉም። የሁለት ሰው ይክፈሉ፤ አለዚያ ማክጉክሱ የሚባለውን ቀዝቃዛ የጥቁር ስንዴ ኑድል ይዘዙ፤ እሱ ለአንድም ይቀርባል።

ጥያቄ፦ ጉግል ካርታ ኮሪያ ውስጥ የእግር መንገድ አላሳይ አለኝ። የስልኬ ችግር ነው? (ተማሪ፣ ቴጆን)

መልስ፦ ስልክዎ ደህና ነው። የኮሪያ መንግሥት ዝርዝር የካርታ መረጃ ከአገር እንዳይወጣ ለብዙ ዓመታት ሲከለክል ስለኖረ ጉግል እዚያ ደካማ ነው። ኔቨር ማፕ ወይም ካካኦ ማፕ ያውርዱ። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ይሠራሉ፤ የቦታ ስም ግን በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ሆሄ ከተለየ አያገኙትም። መፍትሔው ስሙን በሃንጉል፣ በኮሪያ ፊደል፣ ከማስታወቂያው ወይም ከሆቴሉ ገጽ ቀድቶ መለጠፍ ነው።

አውቶቡስ ላይ ቲመኒ ካርድ ይያዙ። በየምቹ መደብሩ ይሸጣል፤ በአብዛኛው የሚሞላው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ በሌሎች ከተሞችም ይሠራል። በፊት በር ገብተው የካርድ ማንበቢያው ላይ ያስነኩታል፤ በኋላ በር ሲወርዱም ያስነኩታል። መውረጃው ላይ ከረሱት የቅያሪው ቅናሽ ይቀርብዎታል፤ አንዳንድ ጊዜም ለረጅም መንገድ ይቆረጥብዎታል። በትንንሽ ከተሞች ፌርማታ ላይ ቁጭ ብለው ከጠበቁ አውቶቡሱ አልፎዎት ይሄዳል፤ ቁጥሩን ሲያዩ ተነሥተው እጅዎን ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ሁለት ቀን ግዮንግጁ ልናድር ነው። እናቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደረጃና አቀበት የሌለበት ምን አለ? ቡልጉክሳ የሚባለው ገዳም የግድ ነው ይሉናል። (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ለእናትዎ ከግዮንግጁ የተሻለ ከተማ መምረጥ አይችሉም ነበር። መሐሉ ሜዳ ነው። የሺላ መንግሥት መናገሻ ሆና እስከ 935 የቆየች ከተማ ናት፤ የነገሥታቱ መቃብሮች በሣር እንደተሸፈኑ ኮረብታዎች በመኖሪያ ቤቶች መካከል ጉብ ጉብ ብለው ይታያሉ።

በመጀመሪያ ስለ ጣቢያው፦ በከተማው መሐል የነበረው አሮጌ ጣቢያ በ2021 መጨረሻ ተዘግቷል። ሺንግዮንግጁ ይባል የነበረው የፈጣን ባቡር ጣቢያ ደግሞ አሁን በቀላሉ ግዮንግጁ ተብሏል። የቆየ መመሪያ ይዞ «ከጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ» ብሎ ሆቴል የያዘ ሰው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይርቀዋል። ከሴኡል በፈጣኑ ባቡር፣ በኬቲኤክስ፣ ሁለት ሰዓት ግድም ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ለመሐሉ ይስጡት። ከዴርውንግዎን ይጀምሩ፤ 23 የመቃብር ጉብታዎች ያሉበት ግቢ ነው። ግቢው ከ2023 ጀምሮ ነጻ ነው፤ የሚከፈለው ወደ ውስጥ ለሚገባበት አንድ መቃብር፣ ለቾንማቾንግ፣ ነው፤ 3,000 ዎን (የኮሪያ ገንዘብ)። ስሙ «የሰማይ ፈረስ መቃብር» ማለት ነው። በ1973 ሲቆፈር ከበርች ዛፍ ልጥ በተሠራ የኮርቻ መከለያ ላይ የተሣለ ነጭ ፈረስ ተገኝቶበታል። ውስጡ ሲገቡ ጉብታው ተራ አፈር አለመሆኑን ይረዳሉ፤ መጀመሪያ የእንጨት ክፍል፣ በላዩ የሰው ራስ የሚያካክል ድንጋይ ክምር፣ በመጨረሻ አፈር። ሌባ ያልደፈረውም ለዚህ ነው፤ ድንጋዩን አንዱን ሲስቡት ሌላው ይናዳል።

ከዚያ በዝግታ እርምጃ አሥር ደቂቃ ሄደው ቾምሶንግዴን ያገኛሉ፤ በንግሥት ሶንዶክ ዘመን፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የከዋክብት መመልከቻ። ቁመቱ ዘጠኝ ሜትር ብቻ ስለሆነ «ይኼ ነው እንዴ?» የሚል ብዙ ነው። በእኩለ ቀን እውነትም ቀሊል ይመስላል። ሲመሽ መብራት ሲበራበት ይመለሱ፤ በዚያው ዎልጂ የሚባለውን የቤተ መንግሥት ኩሬ እስከ 22:00 ማየት ይቻላል፤ መግቢያው 3,000 ዎን ነው። የኩሬው ውበት በነጸብራቁ ነውና ነፋስ ባለበት ምሽት ገንዘብዎን አያባክኑ።

ብሔራዊ ሙዚየሙ ነጻ ነው፤ ሰኞም ክፍት ነው፤ እናትዎ ለማረፍም ይሆናቸዋል። ግቢው ውስጥ በ771 የተሠራውን፣ ወደ 19 ቶን የሚጠጋውን ደወል ሳያዩ አይውጡ። አሁን አይደወልም፤ የሚሰሙት የተቀዳ ድምፅ ነው። ደወሉ አጠገብ ሲደርሱ ወደ ታች ያጎንብሱና ከሥሩ መሬቱ ላይ ያለውን ጎድጓዳ ይመልከቱ። የኮሪያ ደወል በቀጥታ ከመሬቱ ብዙም ሳይርቅ የሚሰቀለው ጎድጓዳው ድምፁን እንዲያስተጋባ ነው።

ሁለተኛው ቀን የቡልጉክሳ ነው። 10 ወይም 11 ቁጥር አውቶቡስ ከመሐል ከተማ አርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። መግቢያ ይከፈል የነበረው እስከ 2023 ነው፤ መንግሥት ለገዳማቱ መካካሻ መስጠት ከጀመረ ወዲህ ነጻ ሆኗል። የሚከፈለው የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። በር ላይ «ትኬት» ብሎ የሚጠይቅዎ ካለ የቆመው ለሌላ ነገር ነው።

ቡልጉክሳን መገንባት የተጀመረው በ751 ነው። በ1593 በጃፓን ወረራ የእንጨቱ ሥራ በሙሉ ተቃጥሏል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚያዩት ቀለም ያጌጠው ጣሪያ ኋላ የተሠራ ነው። የድሮው ድንጋዩ ነው። ዓይንዎን ከጣሪያው ይልቅ ከወገብዎ በታች ያድርጉ፤ የመሠረቱ ግንብ ላይ የተጠረበው ድንጋይ ሥሩ ካለው ያልተጠረበ ቋጥኝ ጉብጉብ ጋር ገጥሞ እንዲቀመጥ ተደርጎ የተቀረጸ ነው። ፊት ለፊት ያለው ባለ 33 ደረጃ መወጣጫ በገመድ ተዘግቷል፤ ለእናትዎ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ሰው ሁሉ የሚገባው ቀለል ባለው የጎን መንገድ ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት የድንጋይ ማማዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ዳቦታፕ ይባላል ያጌጠው፤ የ10 ዎን ሳንቲም ላይ ያለው እሱ ነው። አራት የድንጋይ አንበሶች ነበሩት፤ የቀረው አንድ ነው፤ ፈልገው ያግኙት።

ሶክኩራም ላይ ግን እንመካከር። ከቡልጉክሳ በላይ ተራራው ላይ ያለ የድንጋይ ዋሻ ቤተ መቅደስ ነው። በ2.2 ኪሎ ሜትር አቀበት በእግር፣ ወይም በሰዓት አንድ ጊዜ ያህል በሚመላለሰው 12 ቁጥር አውቶቡስ ይወጣሉ። አውቶቡሱ ካወረደዎት በኋላ ለጥ ያለ የጥላ መንገድ አለ፤ እናትዎ ይችሉታል፤ የሚያስቸግራቸው መጨረሻው ላይ ያለው ደረጃ ነው። ሲደርሱ ቡድሃውን የሚያዩት በመስታወት ጀርባ ነው። ፎቶ ክልክል ነው፤ ሰልፉም አያስቆምም። መስታወቱ የተደረገው በእርጥበቱ ምክንያት ነው። በ1910ዎቹ የጃፓን ቅኝ ገዢዎች ዋሻውን አፍርሰው ሲጠግኑ በሲሚንቶ ሸፈኑት፤ ድንጋዩ በተፈጥሮ የሚተነፍስበት መንገድ ተዘጋና ግድግዳው ማላብ ጀመረ። እስካሁን በማሽን ነው የሚደርቀው። ጉልበት ለሚያመው ሰው፣ በእኛ እምነት፣ ለሦስት ደቂቃ እይታ ግማሽ ቀን መስጠት አይገባም። እርስዎ ባለቤትዎን ይዘው ይውጡ፤ እናትዎ ከታች ሻይ ይጠጡ።

የቼሪ አበባ ጊዜ በግዮንግጁ ብዙውን ጊዜ የኤፕሪል መጀመሪያ ነው። አበባው የሚቆየው ሳምንት ያህል ነው፤ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ ደግሞ በአንድ ሌሊት ይረግፋል። ሆቴሉም ያኔ ዋጋው ይሰቀላል።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም ኮሪያ ነኝ። ገዳም አካባቢ የጾም ምግብ አለ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ግን በጥንቃቄ። የቡድሃ ገዳም ምግብ ሥጋም ዓሣም የለበትም። ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም፤ ስሜትን ያነሳሳሉ ተብለው ከሚከለከሉት አምስት ቅመሞች ናቸው። እንግዳ ሆነው ገዳም ውስጥ ካደሩ ሳይጠይቁ መብላት ይችላሉ። ያቀረቡልዎትን ግን ይጨርሱ፤ ሳህን ላይ ማስተረፍ እዚያ ነውር ነው።

ከገዳሙ ደጅ ውጪ ያሉት ምግብ ቤቶች ግን ሌላ ናቸው። ቅጠላ ቅጠል ብቻ የሚመስለው ሁሉ ጾም አይደለም። ኪምቺ ውስጥ በአብዛኛው የሽሪምፕ ወይም የዓሣ ድልህ አለ። የአኩሪ አተር ሾርባው ብዙ ጊዜ የሚፈላው በደረቅ አንቾቪ ዓሣ ውሃ ነው። የሚያዋጣው ሳንቼ ቢቢምባፕ ነው፤ በሩዝ ላይ የተራራ ቅጠላ ቅጠል። ሲያዙ «ኬራን ፔ ጁሴዮ» ይበሉ፤ እንቁላሉን አውጡልኝ ማለት ነው። ሥጋ ካለበት ደግሞ «ኮጊ ፔ ጁሴዮ»። ከባሉጥ ዘር የሚሠራው ቶቶሪሙክ የሚባለው ቡናማ ጄሊም ጾም ነው፤ የሚቀርበው በአኩሪ አተር ስልስና በቅጠል ነው። ጣዕሙ መጀመሪያ ምንም የለውም፤ ከተራራ ሲወርዱ ግን ይጣፍጣል።

ጥያቄ፦ ተራራ ወጥቼ አላውቅም። በኦክቶበር ሶራክሳንን ልወጣ አስቤያለሁ፤ ጓደኞቼ አስፈሪ ነው ይሉኛል። በአንድ ቀን የሚሆን መንገድ ንገሩኝ። የሚከለከል ነገርም ካለ። (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ሶራክሳን በ1970 ብሔራዊ ፓርክ የሆነ ተራራ ነው። ከፍተኛው ጫፍ 1,708 ሜትር ነው፤ ለጀማሪ የሚሆን አይደለም፤ እሱን ይተዉት። መነሻዎ ሶክቾ ናት። ከሴኡል ኤክስፕረስ ተርሚናል በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከሶክቾ 7 ወይም 7-1 ቁጥር ወደ ፓርኩ በር ያደርስዎታል።

በኦክቶበር አጋማሽ፣ ቅጠሉ ሲቀላ፣ የቅዳሜና እሁድ መንገድ ይቆማል። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች መኪናው ውስጥ ሆኖ መጠበቅ ከመራመድ ይብሳል፤ ወርደው ይሂዱ። ከተቻለ በሥራ ቀን፣ ከ8:00 በፊት ይድረሱ።

በቀላል መጀመር ከፈለጉ ወደ ቢሶንዴ የሚወስደው ሦስት ኪሎ ሜትር መንገድ ከሞላ ጎደል ለጥ ያለ ነው፤ በወንዝ ዳር ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ ውሃው ያለሰለሰው ግዙፍ ሰሌዳ ድንጋይ አለ። ጉልበትዎን ከተማመኑ ኡልሳንባዊ የሚባለውን የቋጥኝ ጫፍ ይሞክሩ። ከበሩ እስከ ጫፉ 3.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱን አራት ሰዓት ይያዙለት። መንገዱ ያዘናጋል። እስከ ሁንድልባዊ፣ ሰው ሁሉ ተራ ገብቶ እየገፋ ፎቶ እስከሚነሣበት ተወዛዋዥ ቋጥኝ ድረስ፣ በእርጋታ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ኪሎ ሜትር ግን ብረትና ድንጋይ ደረጃ ነው፤ ከመቶ በላይ ሲቆጥሩ መቁጠሩን ይተዉታል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ታች ያለውን ገር መንገድ በሩጫ ወጥቶ ደረጃው ላይ ሲደርስ መተንፈስ ሲያቅተው ነው። ቢያንስ አንድ ሊትር ውሃ፣ ሶሉ የማያዳልጥ ጫማ፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይያዙ። ከታች ሸሚዝ ሲያስወልቅ ከላይ እጅ ያደነዝዛል።

የሽቦ መኪናው (ኬብል ካር) ወደ ግዎንግምሶንግ ጫፍ ያወጣል። ትኬቱ የሚቆረጠው በዕለቱ እዚያው ነው፤ በጠዋት ሄደው የከሰዓት ተራ ሊሰጥዎት ይችላል። ነፋስ ከበረታ ይቆማል፤ በዚህ የሚከራከር የለም።

ከሚከለከሉት፦ ማጨስና እሳት ማንደድ በፓርኩ ሁሉ ክልክል ነው፤ ከ2018 ወዲህ በጫፎችና በመጠለያዎች መጠጥ መጠጣትም እንዲሁ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሣም። እያንዳንዱ መንገድ የመግቢያ ማብቂያ ሰዓት አለው፤ በሩ ላይ ተጽፏል፤ አንድ ደቂቃ ካለፈ ጠባቂው አያስገባዎትም። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ፣ ደግሞም በጸደይ እስከ ሜይ አጋማሽ፣ ብዙ የከፍታ መንገዶች በደን እሳት ሥጋት ይዘጋሉ። ግትርነት አይምሰልዎት። ከሶክቾ ብዙ የማይርቀው ናክሳንሳ ገዳም በኤፕሪል 2005 በደን እሳት ተቃጥሎ በ1469 የተሠራው የነሐስ ደወሉ ቀልጧል።

መንገዱ ላይ በየጥቂት መቶ ሜትሩ ቁጥር የተጻፈበት የአቅጣጫ ምሰሶ ያያሉ። ባለፉት ቁጥር ያንን ቁጥር በፎቶ ያስቀሩት። እግርዎ ቢጠመዘዝ ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥር 119 ደውለው «ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ ነኝ» ማለት ማንንም አያመጣም፤ ቁጥሩን ከነገሯቸው ቦታዎን በትክክል ያውቁታል። ቋንቋ ካስቸገረዎት 1330 የቱሪስት መስመር ሌሊትም ቀንም በእንግሊዝኛ ያነጋግርዎታል።

ጥያቄ፦ ሃሆዬ በሚባለው ጥንታዊ መንደር ፎቶ ሳነሣ አንዲት እናት በር ዘጉብኝ። ያጠፋሁት ምንድን ነው?

መልስ፦ ቤታቸውን ነው ፎቶ ያነሡት። አንዶንግ አጠገብ ያለው ሃሆዬ ለጎብኚ የተሠራ ሙዚየም አይደለም፤ የርዩ ወገን ለዘመናት የኖረበት፣ ዛሬም ሰው የሚኖርበት መንደር ነው። በ2010 የዓለም ቅርስ ሆኗል፤ በ1999 ደግሞ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ጎብኝተውታል። የከፈሉት መግቢያ ለመንደሩ ነው እንጂ ለግቢዎቹ አይደለም። በሩ ገርበብ ቢልም ምልክት ከሌለበት አይገባም፤ በአጥር ላይ ስልክ ማሾለክም ያው ነው። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስና የተዘረጋ ጎመን ካዩ ግቢው የሰው ነው፤ በሩ ፊት ቆመው «አንኞንግሃሴዮ» (ጤና ይስጥልኝ) ብለው ጎንበስ ቢሉ ምናልባት ራሳቸው ያስገቡዎት ነበር።

ፎቶ ከፈለጉ ወንዙን ተሻግሮ ያለው ቡዮንግዴ ገደል ላይ ይውጡ። 64 ሜትር ነው፤ መንደሩ በናክዶንግ ወንዝ ክንድ ታቅፎ ሙሉ ለሙሉ ይታያል። ሃሆዬ የሚለው ስምም ትርጉሙ «ወንዝ የሚዞርበት» ነው። የጭምብል ጨዋታውም ብዙውን ጊዜ 14:00 ላይ ነው፤ ቀኖቹ እንደ ወቅቱ ስለሚለያዩ 1330 ደውለው ያረጋግጡ። ቃሉ ባይገባዎትም መነኩሴውና መኳንንቱ ሲቀለድባቸው ሳቁ ይገባል።

ገዳም ሲገቡ ደግሞ ጫማ ማውለቁ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም። የሚሳቱት በሩን ነው፤ የአዳራሹ የመሐል በር የመነኮሳት ነው፤ እርስዎ በጎን በር ይግቡ። ውስጥ የሚጸልይ ሰው ፊት ለፊት አይለፉ፤ ሐውልቱንም ፎቶ አያንሡ።

ጥያቄ፦ በምዕራብና በደቡብ ባሕር ዳር ያለውን የጭቃ ሜዳና ወፎቹን ማየት እፈልጋለሁ። ለብቻ መሄድ ይቻላል?

መልስ፦ ወደ ጭቃው ለብቻ አይግቡ። በምዕራብ ጠረፍ፣ ኢንቾን አካባቢ፣ ባሕሩ በሞላና በጎደለ መካከል እስከ ዘጠኝ ሜትር ይለያያል፤ ሲመለስ ከፊት ብቻ አይመጣም፤ ከኋላዎ ባሉት ቦዮች ዞሮ ይከብብዎታል። ጭጋግ ካለ ዳርቻው የት እንደሆነ እንኳ አይለይም። እንደ ጄቡዶ ያሉ ደሴቶች መንገዳቸው በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የሚከፈትበት ሰዓት በየቀኑ ስለሚለዋወጥ የትናንቱ ለዛሬ አይሠራም።

ለወፍ ሱንቾን ይሂዱ፤ መሬት ሳይረግጡ በእንጨት ድልድይ ላይ ሆነው ያያሉ። ሸምበቆው በኦክቶበርና ኖቬምበር ቡናማ ሆኖ ይነጥፋል፤ ከዚያው ጊዜ ጀምሮ እስከ ማርች አንገታቸው ነጭ፣ አካላቸው ጥቁር ግራጫ የሆኑ፣ ክሬን የሚባሉ ወፎች ከሰሜን መጥተው ይከርማሉ። ከበሩ ወደ ዮንግሳን መመልከቻ የሚወስደው መንገድ ከአርባ ደቂቃ በላይ ነው፤ ጀንበር ስትጠልቅ ለመድረስ አንድ ሰዓት ቀድመው ይነሡ። አንድ ትኬት ለረግረጉና ለብሔራዊ የአትክልት ቦታው በዚያው ዕለት ይሠራል፤ የአትክልቱን ቦታ በጠዋት ያድርጉት። በብርዱ ወራት የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ሲገባ ረግረጉ ያለ ብዙ ማስጠንቀቂያ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ከሴኡል ባቡር ከመሳፈርዎ በፊት በዚያው ጠዋት ይደውሉ።